ውሃው በየት ገባ?

ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን 2013፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በሜሪላንድ ግዛት ሮክቪል ከተማ በአንድ አፓርታማ ግቢ ውስጥ ከመሬት በታች ያሉ መኖሪያዎች በጎርፍ ተሞሉ። ዝናቡን ያመጣው ሉዊዚያናን መትቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተሻገረው የአይዳ አውሎ ነፋስ ርዝራዥ ነበር። አንድ የ19 ዓመት ወጣት እዚያው ሕይወቱ አለፈ። በዚያው ቀን ምሽት ዝናቡ ኒውዮርክ ደረሰ። በሴንትራል ፓርክ በአንድ ሰዓት ውስጥ 3.15 ኢንች፣ ማለትም 80 ሚሊ ሜትር ውሃ ወረደ። በከተማዋ ከሞቱት 13 ሰዎች 11ዱ ሕይወታቸው ያለፈው በቤዝመንት መኖሪያ ውስጥ ነው።

ከሞት የተረፈው ሰው በማግስቱ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ውሃ የጠጣውን ምንጣፍ ጎትቶ ደጅ ያወጣል፣ ያበጠውን ግድግዳ ይነካካል፣ ከዚያ ስልኩን አንስቶ ወደ ኢንሹራንስ ኩባንያው ይደውላል። ዓመቱን ሙሉ ሳያስተጓጉል ከፍሏልና ኪሳራው የሚካስ ይመስለዋል። ከኩባንያው የሚመጣው ዋነኛ ጥያቄ ግን ስለ ምንጣፉ ዋጋ አይደለም። ውሃው በየት በኩል ገባ? የሚል ነው።

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ ቤዝመንቱን እንደ ዕቃ ቤት ብቻ አያየውም። ሞርጌጁን የሚያግዝ ኪራይ የሚገኘው ከዚያ ነው። አዲስ የመጣ ዘመድ ሥራ እስኪይዝ የሚያርፈው፣ ማኅበርና ልደት የሚደገሰው፣ ወደ አገር ቤት የሚሄደው ሻንጣ የሚሰናዳው እዚያ ነው። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ይወጣበታል። ወለሉ ይነጠፋል፣ ግድግዳው ይለበጣል፣ መታጠቢያ ቤትና አነስተኛ ኩሽና ይጨመርለታል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚፈሰው ከቤቱ ሁሉ ዝቅ ባለውና ውሃ ቀድሞ በሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ፌማ፣ አንድ ኢንች ውሃ ብቻ በአንድ ቤት ላይ እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

ሦስት ቤቶች፣ አንድ ስንዝር ውሃ

ነገሩን ለመረዳት በአንድ መንገድ ዳር የተሠሩ ሦስት ቤቶችን በምሳሌ መውሰድ ይበቃል። በሦስቱም ቤዝመንት ውስጥ አንድ ስንዝር ውሃ ተኝቷል። የተበላሸው ነገርም ተመሳሳይ ነው፤ ምንጣፍ፣ ሶፋ፣ የግድግዳው የታችኛው ክፍል።

በመጀመሪያው ቤት ውሃውን ያፈሰሰው የውሃ ማሞቂያው ነው። ታንኩ ሳይታሰብ ተሰንጥቆ የያዘውን ዘረገፈው። ብዙ ሰው የሚይዘው መደበኛ የቤት ባለቤት ፖሊሲ እንዲህ ያለውን ከቤቱ የቧንቧ መስመር ወይም መሣሪያ በድንገት የወጣ ውሃ ያደረሰውን ጉዳት ይሸፍናል። ኩባንያው ባለቤቱ ራሱ የሚችለውን ዲዳክቲብል ቀንሶ ወለሉን፣ ግድግዳውንና ዕቃውን ይከፍላል። ያረጀውን ታንክ የሚተካው ግን ባለቤቱ ነው።

በሁለተኛው ቤት ከባድ ዝናብ የከተማውን የፍሳሽ መስመር ስላጨናነቀው ቆሻሻው ውሃ መሄጃ አጥቶ በቤዝመንቱ ወለል ላይ ባለው የፍሳሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ተመለሰ። መደበኛው ፖሊሲ ይህን በግልጽ ያገልላል። የሚከፈለው ባለቤቱ አስቀድሞ ዋተር ባክአፕ የሚባለውን ተጨማሪ ሽፋን ገዝቶ ከሆነ ብቻ ነው። ይህ ሽፋን የሳምፕ ፓምፕ ብልሽትንም ይጨምራል። ሳምፕ ፓምፕ በወለሉ ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ የሚገፋ ሞተር ነው። ተጨማሪው ሽፋን የራሱ ጣሪያ አለው። ባለቤቱ ከፍ እንዲልለት ካልጠየቀ 5,000 ዶላር ላይ ሊቆም ይችላል፤ ተሠርቶ ላለቀለት ቤዝመንት ደግሞ ይህ የወለሉን ወጪ እንኳ ላይሸፍን ይችላል።

ሦስተኛው ቤት ውስጥ ውሃው የገባው ከግቢው ነው። ከመንገድ የወረደው ጎርፍ በመስኮቱ ጉድጓድ በኩል ሰርጎ ገባ፤ አፈሩ የጠገበው ውሃም በግድግዳውና በወለሉ መጋጠሚያ መካከል ፈለቀ። በመደበኛው ፖሊሲ ሁለቱም አይሸፈኑም። በመሬት ላይ የሚሄድ ውሃ እንደ ጎርፍ ይቆጠራል፤ ከመሬት ሥር የሚሰርግ ውሃም ራሱን ችሎ ተለይቶ ተገልሏል። ዋተር ባክአፕ የሚባለው ተጨማሪ ሽፋንም እዚህ አይደርስም።

እድርተኛ ሁሉ እድሩ ለማን፣ በምን ጊዜ፣ ስንት እንደሚከፍል ጠንቅቆ ያውቃል፤ መተዳደሪያ ደንቡ በስብሰባ ተነቦ የጸደቀ ነውና። የኢንሹራንስ ፖሊሲም ልክ እንደዚያ ደንብ ነው። ልዩነቱ አብዛኛው ባለቤት ይህን ደንብ የሚያነበው ከአደጋው በኋላ መሆኑ ነው።

ከሦስቱ ቤቶች ውጭ ሁለት ሁኔታዎች ብዙ ሰው ያሳዝናሉ። አንደኛው ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ ውሃ ነው። ከግድግዳ ጀርባ ያለ ቧንቧ ለሳምንታትና ለወራት ሲያፈስ ቆይቶ ወለሉን ካበሰበሰ፣ ኩባንያው ጉዳቱ ድንገተኛ እንዳልሆነና በጥገና ጉድለት እንደመጣ ቆጥሮ ሊከለክል ይችላል። ሁለተኛው የክረምት ውርጭ ነው። ገናንና ጥምቀትን አገር ቤት ለማሳለፍ ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ ቤተሰብ የሚጓዘው አሜሪካ በምትቀዘቅዝበት በጃኑዋሪ ነው። ወጪ ለመቀነስ ማሞቂያውን አጥፍቶ ከሄደ ቧንቧው በርዶ ሊፈነዳ ይችላል። መደበኛው ፖሊሲ ደግሞ ሰው በሌለበት ቤት ለሚደርስ እንዲህ ያለ ጉዳት የሚከፍለው ባለቤቱ ቤቱ እንዲሞቅ ካደረገ፣ ወይም ውሃውን ከዋናው መዝጊያ ዘግቶ መስመሩን ካፈሰሰ ነው።

ጎርፍ ለምን ተለየ?

ጎርፍ ከቤት ኢንሹራንስ የወጣው በአንድ ኩባንያ ፍላጎት አይደለም። በ1927 ሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ሰፊ አካባቢ ካጥለቀለቀ በኋላ የግል ኩባንያዎች ከጎርፍ ሽፋን ሸሹ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። እሳት አንድ ቤት ሲያቃጥል ጎረቤቱ ይተርፋል፤ ጎርፍ ግን ሰፈሩን በሙሉ በአንድ ቀን ይመታል። በ1965 ቤትሲ የተባለው አውሎ ነፋስ ሉዊዚያናን ካወደመ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1968 ብሔራዊ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራምን በሕግ አቋቋመ። ፕሮግራሙን ዛሬ የሚያስተዳድረው ፌማ ነው። የጎርፍ ፖሊሲ ከመደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ተለይቶ ይገዛል። ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ለሕንፃው እስከ 250,000 ዶላር፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል፤ የሕንፃውና የዕቃው ሽፋን ለየብቻ ነው። የግል ኩባንያዎች የሚሸጡት የጎርፍ ሽፋንም አለ፤ የራሱ ውልና መጠን ይኖረዋል።

ጊዜው ራሱ ወሳኝ ነው። አውሎ ነፋስ እየመጣ መሆኑን በቴሌቪዥን ሰምቶ የጎርፍ ኢንሹራንስ መግዛት ለዚያ አውሎ ነፋስ አይጠቅምም። የፌዴራሉ ፖሊሲ ሥራ ላይ የሚውለው በአብዛኛው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው። ቤት በሚገዛበት ጊዜ ከብድሩ ጋር አብሮ የሚገባው ሽፋን ከዚህ ነፃ ከሆኑት ጥቂት ሁኔታዎች አንዱ ነው።

የፌዴራሉ ፖሊሲ ቤዝመንትን የሚያይበት መንገድም የተለየ ነው። ወለሉ በሁሉም አቅጣጫ ከመሬት በታች የሆነ ክፍል በሙሉ ለፖሊሲው ቤዝመንት ነው፤ ሽፋኑም ጠባብ ነው። ፖሊሲው መሠረቱን፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን፣ ማሞቂያውን፣ የውሃ ማሞቂያውንና ሳምፕ ፓምፑን ይከፍላል። የዕቃ ሽፋን የገዛ ሰው የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያውን፣ ፍሪዘሩንና በውስጡ የነበረውን ምግብ ይጨምራል። ቤተሰቡ ገንዘቡን ያፈሰሰበት ነገር ግን፣ ምንጣፉ፣ የተነጠፈው ወለል፣ የተቀባው ግድግዳ፣ ሶፋው፣ አልጋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ከሽፋኑ ውጭ ነው። በአንድ በኩል በሩ ከግቢው መሬት ጋር እኩል ሆኖ የሚወጣ፣ በተለምዶ ዎክአውት የሚባለው ቤዝመንት ግን በዚህ ትርጉም ቤዝመንት አይደለም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ናቸው። ወለሉ በሁሉም በኩል ከመሬት በታች ነው ወይስ አይደለም የሚለው ልዩነት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከትላል።

ጎርፍ የሚለው ቃልም በፖሊሲው ውስጥ መለኪያ አለው። ደረቅ የነበረ ቢያንስ ሁለት ኤከር መሬት፣ 8,000 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ወይም የባለቤቱን ጨምሮ ቢያንስ ሁለት ይዞታዎች በውሃ መጥለቅለቅ አለባቸው። ጎረቤቱ ደርቆ የአንዱ ባለቤት ግድግዳ ብቻ ውሃ ካፈለቀ፣ የጎርፍ ኢንሹራንስ ያለውም ሰው ሊከለከል ይችላል።

ባንክ ጎርፍ ኢንሹራንስ አልጠየቀኝም ማለት ደህና ነኝ ማለት አይደለም። በፌዴራል መንግሥት የተደገፈ ሞርጌጅ ያለው ሰው ሽፋኑን እንዲገዛ የሚገደደው ቤቱ በፌማ የጎርፍ ካርታ ላይ ከፍተኛ ስጋት ባለበት ክልል ውስጥ ሲሆን ነው። እነዚህ ክልሎች በየዓመቱ ቢያንስ 1 በመቶ የመጥለቅለቅ ዕድል ያላቸው ናቸው፤ በ30 ዓመት ሞርጌጅ ዕድሜ ውስጥ ሲሰላ 26 በመቶ ይሆናል። ፌማ እንደሚለው ከ2014 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ለብሔራዊ ፕሮግራሙ ከቀረቡት የካሳ ጥያቄዎች ከ40 በመቶ በላይ የመጡት ከእነዚህ ክልሎች ውጭ ካሉ ቤቶች ነው።

የመንግሥት እርዳታ ይሸፍነዋል ብሎ መተማመንም አያስኬድም። ፌማ ለግለሰብ የሚሰጠው እርዳታ የሚመጣው ፕሬዚዳንቱ አካባቢውን የአደጋ ቀጠና ብለው ካወጁ በኋላ ነው፤ መጠኑም የተወሰነ ነው። የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር፣ ኤስቢኤ፣ ለተጎዱ የቤት ባለቤቶች የሚሰጠው ገንዘብ ደግሞ ብድር ነው፤ ከነወለዱ ይመለሳል።

ከከተማዋ ሥር ያለው መስመር

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ ብሉሚንግዴልና ለድሮይት ፓርክ የሚባሉ ሰፈሮች አሉ። በ9ኛው ጎዳናና በዩ ስትሪት ከሚገኙት ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ብዙም አይርቁም። በ2012 በጋ ከባድ ዝናብ በዘነበ ቁጥር በእነዚህ ሰፈሮች ያሉ ቤዝመንቶች ተጥለቀለቁ፤ ብዙ ነዋሪዎችም የፍሳሽ ውሃ በወለላቸው ሲፈልቅ አዩ። ምክንያቱ ከመሬት በታች ነበር። ከከተማዋ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ላይ የዝናብ ውሃና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቧንቧ ይሄዳሉ። መስመሩ ከተዘረጋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቧንቧው ሲሞላ ውሃው መውጫ የሚያገኘው ዝቅ ባለው ቦታ ነው። ያም ቦታ የሰዎች ቤዝመንት ሆነ።

የከተማዋ የውሃና የፍሳሽ ድርጅት ዲሲ ዋተር ከመሬት በታች ግዙፍ ማጠራቀሚያ ዋሻዎችን ሠራ። በ2016 የተጠናቀቀው የፈርስት ስትሪት ዋሻ 8 ሚሊዮን ጋሎን ይይዛል። በ2023 ሥራ የጀመረው የሰሜን ምሥራቅ ወሰን ዋሻ ከ5 ማይል በላይ ርዝመትና 23 ጫማ ስፋት አለው። ድርጅቱ ችግሩ ባየለባቸው ሰፈሮች ባክዎተር ቫልቭ ለሚያስገቡ ባለቤቶች የወጪውን ክፍል የሚመልስበት ዕቅድም አወጣ። ባክዎተር ቫልቭ በቤቱ የፍሳሽ መስመር ላይ ተገጥሞ ውሃው ወደ መንገዱ እንዲወጣ የሚፈቅድ፣ ወደ ቤት እንዳይመለስ ግን የሚዘጋ በር ነው።

ከተማው ዋናውን መስመር ቢያስፋፋም ከቤቱ እስከ ይዞታው ወሰን ድረስ ያለው ቧንቧ በአብዛኛው የባለቤቱ ነው። በአንዳንድ ከተሞች ኃላፊነቱ ከዚያም አልፎ እስከ ዋናው መስመር ይደርሳል። በዚያ ቧንቧ ውስጥ የዛፍ ሥር ቢገባ፣ የሸክላ መስመሩ ቢሰበር ወይም ቅባት ቢደፍነው የሚጠግነው ባለቤቱ ነው። የተቀበረውን ቧንቧ መቆፈሪያና መጠገኛ ወጪ የሚሸፍን ሰርቪስ ላይን የሚባል ሌላ ተጨማሪ ሽፋን አለ፤ እሱም ካልጠየቁት አይጨመርም።

የባለቤቱ ድርሻ

የኢንሹራንስ ውል ባለቤቱ ቤቱን ይንከባከባል ከሚል መነሻ ይጀምራል። ብዙ የቤዝመንት ውሃ የሚመጣውም ከጣሪያው ነው። አሸንዳው በቅጠል ሲደፈን የጣሪያው ውሃ በሙሉ በግድግዳው ሥር ይወርዳል። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በመጀመሪያዎቹ 10 ጫማ ውስጥ ቢያንስ 6 ኢንች ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይጠይቃል። አትክልት ሲተከልና ድንጋይ ሲነጠፍ ግን ይህ ተዳፋት ጠፍቶ ውሃው ወደ ቤቱ ይመለሳል። አሸንዳ ማጽዳትና የአሸንዳውን መውረጃ ከመሠረቱ ማራቅ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሳምፕ ፓምፕ ያለው ሰው ሞተሩ የሚሠራ መሆኑን ባልዲ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ አፍስሶ መሞከር አለበት። ከባድ ዝናብ መብራት ይዞ የመሄድ ልማድ ስላለው፣ ባትሪ ያለው ተጠባባቂ ፓምፕ ሞተሩ በሚያስፈልግበት ሰዓት እንዳይቆም ያደርጋል። የልብስ ማጠቢያውን ጎማ ቱቦ በብረት በተጠለፈ መተካት፣ ያረጀውን የውሃ ማሞቂያ ሳይፈነዳ መለወጥ የባለቤቱ ሥራ ነው።

ቤዝመንቱን የሚያከራይ ባለቤት ኃላፊነቱ ይደራረባል። ማከራየቱን ለኢንሹራንስ ኩባንያው አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት፤ ያላሳወቀ ሰው ጉዳት በደረሰ ቀን ያልተነገረን አደጋ ነው የሚል መልስ ሊገጥመው ይችላል። የባለቤቱ ፖሊሲ የተከራዩን ሶፋና ልብስ አይከፍልም። ለዚያ የተከራይ ኢንሹራንስ አለ፤ እሱም ቢሆን ጎርፍን በአብዛኛው አይሸፍንም። ከሁሉ በላይ ግን ሰው ነው። ሰው የሚተኛበት የቤዝመንት ክፍል አደጋ ሲመጣ የሚወጣበት መስኮት ወይም በር ያስፈልገዋል። የግንባታ ደንቡ የማምለጫ መስኮት ክፍተት ሰው የሚያስወጣ ስፋት እንዲኖረው፣ የታችኛው ጠርዝም ከወለሉ ከ44 ኢንች እንዳይበልጥ ያዛል። በኒውዮርክ በቤዝመንት ካለቁት 11 ሰዎች አብዛኞቹ ሕጋዊ ባልነበሩ ቤዝመንቶች ይኖሩ ነበር።

ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰውም ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ይችላል። በኒውዮርክ ሻጮች ለገዢው 500 ዶላር ቀንሰው የቤቱን ጉድለት ከመግለጽ የሚያመልጡበት መንገድ በማርች 2024 ተዘግቷል፤ ዛሬ ቤቱ በጎርፍ ተጎድቶ ያውቅ እንደሆነ መናገር አለባቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን የመመርመር ሸክሙ በአብዛኛው በገዢው ትከሻ ላይ ነው። ክሉ የሚባለው ሪፖርት በቤቱ ላይ እስከ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የቀረቡ የኢንሹራንስ ጥያቄዎችን ይዘረዝራል። ገዢው ሻጩን ይህን አውጥቶ እንዲያሳየው መጠየቅ ይችላል።

ውሃው ከገባ በኋላ

መጀመሪያ ሕይወት ነው። የኤሌክትሪክ ሶኬት ወይም ሳጥን ወደ ደረሰበት ውሃ መግባት ይገድላል፤ መብራቱ በባለሙያ ወይም በኃይል ድርጅቱ እስኪቋረጥ ድረስ ማንም አይግባ። ውሃው ከቧንቧ ከሆነ ዋናው መዝጊያ ይዘጋል። ቀጥሎ ምንም ዕቃ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ፎቶና ቪዲዮ ይነሳል፤ በተለይ ውሃው የገባበት ቦታና በግድግዳው ላይ የደረሰበት ከፍታ። ከዚያ ለኩባንያው ሳይዘገይ ይደወላል፤ የደወሉበት ሰዓትና ያነጋገሩት ሰው ስም ይጻፋል።

ኩባንያው ሰው እስኪልክ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ግን ስህተት ነው። ፖሊሲው ራሱ ባለቤቱ ጉዳቱ እንዳይባባስ የማድረግ ግዴታ አለበት ይላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሻጋታ እንዳይበቅል የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መድረቅ እንዳለበት ይመክራል። ውሃ ማስወጣት፣ ማራገቢያና እርጥበት መሳቢያ ማሠራት፣ የራሰውን ምንጣፍ ማንሳት ተገቢ ነው። ከሚጣለው ነገር ግን ናሙና ይቀመጥ፤ ደረሰኝም አንድ ሳይቀር ይያዝ። የጎርፍ ፖሊሲ ያለው ሰው የጉዳቱን ዝርዝር በፊርማው አረጋግጦ ከጉዳቱ ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት።

ኩባንያው ከከለከለ መልሱን በጽሑፍ፣ የተከለከለበትን የፖሊሲ አንቀጽ ጠቅሶ እንዲሰጥ መጠየቅ ይገባል። የግንባታ ወይም የቧንቧ ባለሙያ ውሃው በየት እንደገባ የሚያስረዳ ጽሑፍ ከሰጠ ውሳኔው እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ከዚያም በሜሪላንድ የኢንሹራንስ አስተዳደር፣ በቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ቢሮ፣ በዲሲ ደግሞ የኢንሹራንስ፣ የአክሲዮንና የባንክ መሥሪያ ቤት ቅሬታ ይቀበላሉ። በዲሲ በ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የዲሲ መሥሪያ ቤት ጋ ስትቀርብ በአማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብልህ መጠየቅ መብትህ ነው።

ዝናቡ ሳይመጣ ደግሞ በዚህ ሳምንት ፖሊሲህን አውጥተህ ለኢንሹራንስ ወኪልህ ደውል። ዋተር ባክአፕ አለኝ ወይ፣ ጣሪያውስ ስንት ነው፣ የጎርፍ ፖሊሲ ለቤቴ ስንት ያስከፍላል፣ ቤዝመንቴ በፖሊሲው ትርጉም ቤዝመንት ነው ወይስ አይደለም፣ ማከራየቴ በፋይሌ ላይ ተጽፏል ወይ ብለህ ጠይቅ። መልሱን በኢሜይል እንዲልክልህ አድርግ። ዛሬ የተገዛ የፌዴራል የጎርፍ ሽፋን የሚሠራው ከ30 ቀን በኋላ ነውና ስልኩን ለነገ አታሳድረው።